ስለ በሽታ ቆጠራና ስለ ቤተ ሰብ እንቅልፍ

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለአንዱ ጓደኛችን «እንቅልፋሙ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በትምህርት ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ በቤተ መጻሕፍትም መጽሐፉን ከገለጠ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሩ ከገጹ ጋራ ይገናኛል። አንድ መምህርም «እንቅልፍህን ቤትህ ጨርሰህ ና» ብለው በክፍሉ ፊት አሳፍረውታል። እርሱ ግን ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ሲጠየቅ «እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው፤ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት» ይል ነበር፤ አልዋሸምም። እኛ በአንድ ክፍል አብረነው የምናድረው ማንኮራፋቱን እንሰማ ነበር፤ ያደረግንለትም ነገር ቢኖር በጨለማ ጫማ መወርወር ብቻ ነው። ነገሩ የታወቀው ለዕረፍት ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ ነው። አብረውት በአንድ ክፍል ያደሩት አያቱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና እየቆሉ፣ «ልጄ፣ ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል። እስኪመለስ ድረስ እየቆጠርሁ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ሃያ እደርሳለሁ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ወደ ሐኪም ሄደ፤ ለነገሩም ስም ተገኘለት።

ፊደል ያልቆጠሩት እኒህ አያት ያደረጉት ቆጠራ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎችን ይነካል። አንደኛው፣ በሽታ በሕዝብ መካከል ምን ያህል እንደ ሆነ እንዴት ይለካል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ የሚመጣው ሰውዬው ራሱን በማያውቅበት ሰዓት፣ ማለት በእንቅልፍ ላይ ሳለ እንደ ሆነ፣ ማን ይጠየቃል የሚል ነው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ይሁን እንጂ የጉዳዩ የሚበዛው ክፍል የአጠያየቅና የቃል አመራረጥ ነገር ሆኖ ስላገኘነው፣ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪም ድርሻ አለው ብለን ይህን ጻፍን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የበሽታ መጠን ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ አንዱ የታመሙት፣ ሌላው ታመሙም አልታመሙም የታዩት ሰዎች ሁሉ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ በወሬ የምንሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «በዚህ ወር ሁለት መቶ ሰዎች ታክመዋል» ሲባል፣ ከስንት ሰው መካከል እንደ ሆነ ካልተነገረን፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ሰልፍ ሰማን እንጂ ስለ አገሩ ምንም አልሰማንም። ሰልፉ ደግሞ በሽታው ስለ በዛ ብቻ አይረዝምም፤ መንገድ ስለ ተሠራ፣ የሐኪሙ ስም ስለ ወጣ፣ ወይም መድኃኒቱ ስለ ረከሰም ይረዝማል።

ለዚህ ከራሳችን አገር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በ2005 በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ስርጭት በሁለት መንገድ ተለክቶ ነበር። አንደኛው መንገድ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ሴቶች ደም ተነሥቶ የተሰላ ሲሆን፣ ከአዋቂው ሕዝብ ከመቶው 3.5 ያህሉ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ገመተ። ሁለተኛው መንገድ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የሚባለው ነው፤ ጠያቂዎቹ በአገሩ ሁሉ በዕጣ ወደ ወጡት ቤቶች እየዞሩ ከፈቃደኞች ደም ወሰዱ፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ዘንድም ከመቶው 1.4 ብቻ አገኙ። ያው አገር፣ ያው ዓመት፣ ያው በሽታ ሆኖ ሳለ አንዱ ቁጥር ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። በዚያ ዘመን ከገጠር እናቶች የሚበዙት ለእርግዝና ክትትል አይሄዱም ነበር። በጤና ጣቢያ የሚቆጠረው ሰው የከተማና የመንገድ ዳር ሰው ይበዛበታል፤ በሽታውም የበረታው በዚያው ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በየቤቱ የዞረው ጥናት ቤት የሌለውን፣ በጦር ሰፈር የሚኖረውን፣ በዚያ ቀን ያልተገኘውንና «ደሜን አልሰጥም» ያለውን አላገኘም። (በነገራችን ላይ እኛም በተማሪዎች ማደሪያ የምንኖረው በእንዲህ ያለው የቤት ለቤት ጥናት አንገባም፤ ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር የሚቆጥረን ያለ አይመስለንም።) በ2007 ሁለቱ መንገዶች ተገናዝበው ከመቶ 2.1 የሚል አንድ ግምት ወጣ። መድኃኒት የሚገዛው፣ አስታማሚ የሚመደበው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነውና፣ ከመቶ አንድ መሳሳት ማለት በብዙ መቶ ሺህ ሰው መሳሳት ማለት ነው።

ሌላም መለየት የሚገባው ነገር አለ። «በጋኑ ውስጥ ስንት ጠላ አለ?» ማለትና «ዛሬ ወደ ጋኑ ስንት ተጨመረ?» ማለት አንድ አይደለም። በአንድ ወቅት ታመው የሚገኙት ሁሉ የመጀመሪያው ናቸው፤ ስርጭት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ የታመሙት ግን ሁለተኛው ናቸው። ጋኑ የሚጎድለውም በመዳን ወይም በሞት ነው። ስለዚህ ስርጭቱ ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ነገሩ ከፋ ማለት አይሆንም። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ይሞቱ የነበሩት መኖር ቻሉ፤ በሕይወት የቆየ ሕመምተኛ በጋኑ ውስጥ ይቆያልና በዚህ ምክንያት የሚመጣው መጨመር እልል የሚያሰኝ ነው። በእንቅልፍ ነገርም እንዲሁ ነው። የጓደኛችን ዓይነቱ ሕመም ካልታከመ ዓመታት ይቆያል፤ በፈተና ሳምንት የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት ግን ገብቶ ይወጣል። ተማሪን በፈተና ሳምንት ስለ እንቅልፉ የሚጠይቅ ሰው ጋኑ ሞልቶ ባየበት ቀን ለካው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ሕመም እንምጣ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ የአየሩ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ይላላሉ፤ ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፣ አየሩ ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አንጎል ለቅጽበት ይነቃል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ሰውዬው በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍሳል፣ ተመልሶም ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው ቀን እንደሚደክመው ብቻ ነው። ትንፋሹ ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ ሲቋረጥ ሐኪሞች አንድ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሃያ የደረሱት አያት እንግዲህ ከሐኪሞቹ መስፈርት አልራቁም።

የዚህን ሕመም ብዛት ለመለካት ከተደረጉት ጥናቶች ስሙ የገነነው በዊስኮንሲን፣ በአሜሪካ፣ ተደርጎ በ1993 የታተመው ነው። ከ30 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 602 የመንግሥት ሠራተኞች በመሣሪያ እየተጠበቁ አንድ ሌሊት በቤተ ሙከራ አደሩ። ትንፋሻቸው በሰዓት 5 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚቋረጥ ወይም የሚያንስ ሆነው የተገመቱት ከወንዶቹ ከመቶው 24፣ ከሴቶቹ ከመቶው 9 ሆኑ። ነገር ግን «ትንፋሹም የሚቋረጥ፣ ቀንም እንቅልፍ የሚያስቸግረው» ተብሎ መስፈርቱ ሲጠብቅ፣ ወንዶቹ ወደ 4፣ ሴቶቹ ወደ 2 ወረዱ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው፤ የተለወጠው በሽታ ለተባለው ነገር የተሰጠው ትርጉም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ከመቶው ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲነግረን፣ ከቁጥሩ በፊት «ምን ለሆነው ሰው?» ብለን ብንጠይቅ እንደ ነዝናዛ ሊቆጥረን አይገባም።

ከዚሁ ጥናት ሌላ ቁም ነገር ተገኝቷል። ቀድሞ በሐኪም ቤት የሚመጡት ብቻ ሲቆጠሩ ለአንዲት ሴት ስምንትና ዘጠኝ ወንድ ይገኝ ነበርና ሕመሙ የወንዶች ነው ይባል ነበር። በሕዝብ መካከል ሲታይ ግን ለአንዲት ሴት ሁለት ወይም ሦስት ወንድ ነው። የቀሩት ሴቶች ወዴት ሄደው ነበር? በቤታቸው ነበሩ። ምክንያቱን ሊቃውንቱ በብዙ መንገድ ያስረዳሉ፤ በእኛ ግምት ግን ሚስት የባሏን ማንኮራፋት ለሐኪም ትናገራለች፣ ባል ግን የሚስቱን ሳይሰማ ተኝቶ ያድራል፤ ቢሰማም ማንኮራፋት ለሴት ነውር ነው ተብሎ ዝም ይባላል።

ትራኮማን የሚቆጥር ጤና ሠራተኛ የሕፃኑን የዐይን ቆብ ገልብጦ አይቶ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። እንቅልፍን የሚቆጥር ግን አንድ ሙሉ ሌሊትና ውድ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚሠራበት የጥያቄ ወረቀት ነው። በ1991 ሙሬይ ጆንስ የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም በሚሠሩበት በኤፕዎርዝ ሐኪም ቤት ስም የጠሩትን ስምንት ጥያቄዎች ያሉበት መለኪያ አወጡ። ተጠያቂው በስምንት ሁኔታዎች፣ ተቀምጦ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥና እንዲህ በመሳሰለው፣ የማሸለብ ዕድሉን ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ካለፈ ነገሩ ያሳስባል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ከጥያቄዎቹ አንዱ በመኪና ተቀምጦ በመንገድ መጨናነቅ ለጥቂት ደቂቃ ስለ መቆም ነው፤ ማንበብም ሌላው ነው። መጽሐፍ ለማያነቡና መኪና ለማይገቡ እናት ከስምንቱ ሁለቱ ባዶ ሆነው ይቀራሉ፤ ባዶውም ዜሮ ተብሎ ከተደመረ እናቲቱ በወረቀት ላይ ንቁ ይሆናሉ።

በ1989 በፒትስበርግ፣ በአሜሪካ፣ የወጣው መለኪያ ደግሞ ያለፈውን አንድ ወር እንቅልፍ የሚጠይቅ ነው። ተጠያቂው ራሱ የሚመልሳቸው 19 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል፤ ከ5 በላይ ያገኘ እንቅልፉ መልካም አይደለም ይባላል። በ2012 የታተመ ጥናት በዚሁ መለኪያ የጎንደርንና የሐረማያን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ጠይቆ ከግማሽ በላይ የሆኑት እንቅልፋቸው መልካም እንዳልሆነ አግኝቷል። ማደሪያችንን ለምናውቀው ለእኛ ይህ አላስገረመንም። ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። በዚያው ወረቀት መጨረሻ ላይ አብሮ ለሚተኛ ወይም በአንድ ክፍል ለሚያድር ሰው የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ ያንኮራፋል ወይ፣ ትንፋሹ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል ወይ፣ እግሩ ይወራጫል ወይ የሚሉ ናቸው። እነዚህ አምስቱ ግን በድምሩ አይገቡም። የአያቲቱ ምስክርነት ከወረቀቱ ላይ ተጽፎ ከሒሳቡ ወጥቷል ማለት ነው።

የሰዓቱንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ወረቀቱ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስንት ሰዓት ትነሣለህ?» ይላል። የአገራችን ሰው የሌሊቱን ሰዓት ከምሽት ጀምሮ ይቆጥራልና «በአራት ሰዓት እተኛለሁ» ይላል፤ የሚነሣበትን ሲጠየቅ ደግሞ ብዙው ዛሬ በስልኩ ደወል ስለሚነቃ ስልኩ ላይ ያየውን 6 ይናገራል። ሰውዬው ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቷል፤ ወረቀቱን የሚደምረው ሰው ግን ከ4 እስከ 6 ሁለት ሰዓት ብሎ ጽፎ «ከባድ እንቅልፍ ማጣት» ከሚለው መደብ ያስገባዋል። ይህን የሚያርም ሐኪም አይደለም፤ ቋንቋውንና አገሩን የሚያውቅ ጠያቂ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የልጆች መለኪያ ነው። በ2000 ጁዲት ኦውንስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የሕፃናት የእንቅልፍ ልማድ መጠይቅ ከ4 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን የሚሞላው ወላጅ ነው። በውስጡ ልጁ በራሱ አልጋ ብቻውን ይተኛል ወይ፣ በሌላ ሰው አልጋ ይተኛል ወይ፣ እንዲተኛ ወላጅ በክፍሉ መኖር አለበት ወይ የሚሉ ጥያቄዎች አሉ፤ ብቻውን የማይተኛ ልጅ ነጥቡ ወደ ችግር ይሰበሰብበታል። በዕረፍት ጊዜ በየዘመዶቻችን ቤት ጥያቄዎቹ ለጆሮ እንዴት እንደሚሆኑ ለመስማት ያህል ጠይቀን ነበር፤ ጥናት ልንለው አንደፍርም። አንዲት እናት «ልጁ ብቻውን ይተኛል ወይ?» ብንላቸው፣ «ብቻውን? ምን አጥፍቶ?» ብለው መለሱልን። መላው ቤተ ሰብ በአንድ ክፍል በሚያድርበት፣ ልጅ ከአያቱ ጋቢ ሥር በሚተኛበት ቤት ይህ ልማድ እንጂ ሕመም አይደለም። መጠይቁን ያዘጋጁት ተሳሳቱ አንልም፤ ለራሳቸው አገር ቤት ሠርተውታል። ነገር ግን መለኪያው የተሠራበት ቤት ተሰውሮ አብሮት ይጓዛል፤ ሳይመረመር የተተረጎመ እንደ ሆነ የእኛን ሕፃናት ግማሹን ሕመምተኛ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፤ በእውነት ትንፋሹ የሚቆመውም ልጅ ከእነርሱ መካከል ይጠፋል።

ቤተ ሰብን መጠየቅ የራሱ የሒሳብ ወጥመድም አለው። በአንድ ቤት አምስት ሰው ጠይቆ አምስቱም «እንቅልፍ አጣሁ» ቢሉ አምስት ምስክር ተገኘ አይባልም። ሕፃኑ ስላለቀሰ ሁሉም ነቅተው አድረው ይሆናል፤ ትኋን ገብቶ ይሆናል፤ አጠገባቸው ጭፈራ ቤት ተከፍቶ ይሆናል። ከአንድ እንስራ አምስት ጊዜ የቀዳ ሰው የአምስት ምንጭ ውሃ ቀመስሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሰው በጥቂት ቤት ከመጠየቅ ጥቂት ሰው በብዙ ቤት መጠየቅ ስለ አገሩ የበለጠ ይነግራል። ስለ ቤቱ ማወቅ የፈለገ ግን ሁሉንም፣ ያውም ለየብቻ፣ መጠየቅ አለበት። አንድ የቤት አባወራ «ጋሼ፣ ቀን ተቀምጠው ሳሉ እንቅልፍ ይጥልዎታል?» ብንላቸው፣ «እኔ? ዐይኔን ጨፍኜ አስባለሁ እንጂ» አሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም፤ ወደ ጓዳ ስንገባ ግን ተከትለውን መጥተው የሾፌርነት ሥራቸው እንደሚያስፈራቸው ነገሩን።

በሽታ በአገር ብርቅ ሆኖ በአንድ ቤት ግን የተለመደ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1986 በቦሎኛ፣ በኢጣሊያ፣ ኤሊዮ ሉጋሬዚና ባልደረቦቻቸው በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚተላለፍ፣ እንቅልፍን ጨርሶ ስለሚነሣና ስለሚገድል ሕመም ጻፉ። ከቤተ ሰቡ ጋራ በጋብቻ የተዛመደ ሐኪም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዛግብትን እየመረመረ የሟቾቹን ሐረግ ወደ ኋላ ተከትሎ ነበር። በ1992 የሕመሙ መነሻ የሆነው የዘር ጉድለት ታወቀ። ይህን ሕመም በሕዝብ ቆጠራ የሚፈልግ ሰው ሚሊዮን ሰው ጠይቆ አንድ ላያገኝ ይችላል፤ በዚያ ቤት የታመመ ወላጅ ላለው ልጅ ግን ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። «በአገሩ የለም» የሚለው ቃል ለዚያ ልጅ ምንም አይረባውም።

በመጨረሻም ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። «የእንቅልፍ ችግር አለብዎ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «የለም» ይላል። «ዱካክ ይይዝዎታል?» ሲባል ግን ቤቱ ሁሉ ወሬ ያመጣል፤ የተጫነውን፣ መጮህ ያቃተውን፣ በደጅ የቆመ ጥላ ያየውን ሁሉ ይተርካል። ሊቃውንት እንደሚሉት ሰው በሕልም ጊዜ ሰውነቱ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፤ አንዳንዴ ልቡ ቀድሞ ይነቃና ሰውነቱ እስኪፈታ ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል። ሕዝቡ ይህን በሐኪም ሳይሆን በጠበል የሚፈታ ነገር አድርጎ ስለያዘው፣ በወረቀቱ ቃል የሚጠይቅ ሰው አያገኘውም። እንደዚሁም «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለውና «እንቅልፍ አይበቃኝም» የሚለው ሁለት ልዩ ሕመሞች ሲሆኑ፣ በትርጉም ጊዜ ሁለቱም «እንቅልፍ ማጣት» ተብለው ሲደባለቁ አይተናል።

ከጠየቅናቸው መካከል የመጨረሻው በአንድ ዘመዳችን ግቢ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። «አባባ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» አልናቸው። «ሌሊትማ አልተኛም ልጆቼ፤ ዘበኛ አይደለሁም እንዴ?» አሉ። በወረቀቱ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ከግርጌው ባዶ ስፍራ ላይ «ቀን ስንት ሰዓት?» ብለን በእጃችን ጻፍንና እንደ ገና ጠየቅናቸው።